ከአዲስ አበባ መጣ የተባለው ቀለም ቀቢ

ነገሩ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ሰው ሲበድለኝ ቶሎ የምረሳ ነኝ። ይህን ግን መርሳት አቃተኝ፤ የተበደልኩት እናቴ ፊት ነዋ።

ሶዶ ከተማ ውስጥ ቀለም ቀቢ ነኝ። የሳሎን ግድግዳ እብነ በረድ አስመስዬ እቀባለሁ። ከሶዶ ወጣ ብላ ባለችው ትንሽ ከተማ፣ በገሱባ የምትኖረው እናቴ ሴት ልጅ መሰላል ላይ መውጣቷን አልወደደችውም። «ማን አምኖ ቤቱን ይሰጥሻል?» ትለኝ ነበር።

ጋሽ ዳና የሚባሉ ነጋዴ አዲስ ቤት ሠርተው ሳሎናቸውን ሰጡኝ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ግራጫውን በነጩ ላይ በእርጥብ ስፖንጅ እየነካካሁ፣ በዶሮ ላባ ጫፍ ቀጫጭን መስመሮች እየሳልኩ፣ ሳይደርቅ በለስላሳ ብሩሽ እያደበዘዝኩ ጨረስኩት። ጋሽ ዳና ዳሰስ አድርገው «ድንጋይ እኮ ነው» አሉ። ለቤቱ ምርቃትም ጠሩኝ።

እናቴን ከገሱባ አስመጣኋት። በዓይኗ አይታ እንድታምን ፈልጌ ነው።

ሳሎኑ በእንግዳ ሞልቷል። እናቴ መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። ድንጋይ አለመሆኑን ስታውቅ ዞር ብላ አየችኝና ፈገግ አለች። እንዲያ አይታኝ አታውቅም።

ወዲያው አንድ እንግዳ በወላይትኛ ጋሽ ዳናን ጠየቋቸው፤ «ይህን ማን ሠራልህ?»

«ባለሙያ ከአዲስ አበባ አስመጥቼ ነው» አሉ። አጠገባቸው መቆሜን ሲያዩ ጨመሩበት። «ይህች ልጅም አግዛዋለች። ብሩሽ ታጥብለት ነበር።»

እናቴ እጇን ከግድግዳው ላይ አነሳች።

እኔ ዝም አልኩ። ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ ጸሎት ሊጀመር ነው። በሰው ቤት፣ በምርቃት ቀን፣ ባለቤቱን ውሸታም ማለት ከበደኝ።

በኋላ ግቢ ውስጥ ለብቻቸው አገኘኋቸው። «ጋሼ፣ ለምን እንደዚያ አሉ?»

አልተቆጡም። «ልጄ፣ የገሱባ ልጅ ቀባችው ብል ማን ያደንቅልኛል? አንቺን ምን ጎዳሽ?» ብለውኝ ወደ እንግዶቻቸው ተመለሱ።

ወደ ገሱባ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ለእናቴ ማልኩላት። የሠራሁት እኔ ነኝ አልኳት። ጉልበቴን መታ መታ አደረገችኝ።

«ያን የሚያህል ሰው ምን ብሎ ይዋሻል?» አለች በለሆሳስ። «ብሩሽ ማጠብም ሥራ ነው፤ አትፈሪ፣ አልቆጣሽም።»

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ዛሬም ጎረቤት ስለ እኔ ሲጠይቃት፣ «ሶዶ ቀለም ቀቢዎችን ታግዛለች» ነው የምትለው። ለማዋረድ ብላ አይደለም፤ የምታውቀው ይህንኑ ነው።

ጋሽ ዳናን መንገድ ላይ ሳገኛቸው ሰላም እላቸዋለሁ። የሚያንገበግበኝ የራሴ ዝምታ ነው። ያኔ አንድ ቃል ብናገር እናቴ ታምነኝ ነበር፤ በኋላ መኪና ውስጥ የተናገርኩት ግን ሰበብ መሰለባት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቤት ቀብቻለሁ። እናቴን ግን አንዱንም መጥታ እንድታይ አልጠራኋትም።