ያላየሁት ሕልም

እስከዚህ ሳምንት ድረስ ይህን ከአፌ የሰማ ሰው የለም። እናቴ ሳትሰማው አረፈች። ለዓመታት አንድ ክፍል አብረን የተኛን የቡድን ጓደኞቼ፣ የልቤን ሁሉ የሚያውቁ የሚመስላቸው፣ ይህን አያውቁም። እንግዲህ ለእናንተ ልናዘዝ። ለመፍረድ አትቸኩሉ፤ ግን ደግሞ አትዘኑልኝ።

ዋሸሁ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆሜ፣ በጌታ ስም ዋሸሁ።

ያኔ በትውልድ ከተማዬ ጃጁራ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ኳስ እችላለሁ። በትሕትና ልደብቀው ብል ሌላ ውሸት ይሆንብኛል፤ ከወንዶች ጋር ስጫወት እኔን ለመያዝ ሁለት እየሆኑ ነበር የሚመጡት፣ እሱም አልበቃቸውም። በትምህርት ቤቶች ውድድር ያየኝ አንድ አሰልጣኝ ሆሳዕና ላለ የሴቶች ቡድን ፈለገኝና ቤታችን ድረስ መጣ። አባቴ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው። ሰውየውን በክብር ተቀበለው፣ አበላው፣ እስከ በር ሸኘውና «የሽማግሌ ልጅ በቁምጣ ሰው ፊት አትሮጥም» አለው። በቃ። አባቴ አንዴ ካለ አለ ነው። አለቀስኩ፣ አኮረፍኩ፣ እህል አልቀምስም አልኩ። እናቴ «ተይው ልጄ፣ የአባትሽን ቃል የሚሽር ጌታ ብቻ ነው» አለችኝ።

ልታጽናናኝ ብላ ነበር። እኔ ግን መንገዱን ያሳየችኝ መሰለኝ።

እሁድ አምልኮ ላይ መጋቢው «ምስክርነት ያለው» ሲል እጄን አወጣሁ። ማይኩን ያዝኩና ጌታ በሕልም ተገለጠልኝ አልኩ። ሰፊ ሜዳ ላይ ቆሞ «በእግርሽ ስሜን ታስከብሪያለሽ፤ የሚከለክልሽ ከእኔ ጋር ነው የሚሟገተው» አለኝ አልኩ። የቱ ሕልም? የቱ ሜዳ? ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ከእናቴ ጋር እንሰት ስፍቅ ይህንኑ ንግግር በልቤ ስለማመድ ነበር የዋልኩት! ሕዝቡ ግን ተነሣ። ሃሌሉያውና እልልታው ቆርቆሮውን አናወጠው። ደስ አለኝ፤ ይህንንም አልደብቅም። ጎል ሳገባ የሚሰማኝን ደስታ ከሜዳ ውጭ መጀመሪያ የቀመስኩት እዚያ ነው።

ከዚያ አባቴ ከፊት ወንበር ተነሣ። በሰው ፊት ይቅርታ ሲጠይቅ አይቼው አላውቅም፤ ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር አያደርግማ። መድረኩ ሥር ተንበረከከ። «ጌታን ተቃውሜአለሁና ጸልዩልኝ» ብሎ አለቀሰ። ባልሠራው ኃጢአት፣ በእኔ ውሸት አለቀሰ። «አባዬ ተነሥ፣ ዋሽቼ ነው» ብል ይበቃ ነበር። ለምን አላልኩም? ፈርቼ ነው? አይደለም። ካልኩ ሆሳዕና እንደማልሄድ ስለማውቅ ነው። እያየሁት ዝም አልኩ። በማግስቱ ቦርሳዬን ተሸክሞ እሱ ራሱ ወሰደኝ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን እያዘንኩ የማወራ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። በመጀመሪያ ጨዋታዬ ተቀይሬ ገብቼ ጎል አገባሁ። አዲስ አበባ ያለ ክለብ ወሰደኝ፤ «ይቺ የገጠር ልጅ» ያሉኝን ተከላካዮች መሬት ላይ እያስቀመጥኩ አለፍኳቸው። የአገሬን መለያ ለበስኩ። ዘንድሮ ደግሞ አምበል ሆኜ ዋንጫ አነሣሁ፤ ባለቀለሙ ወረቀት ከላይ ሲበተን እንደ ልጅ ዘለልኩ። ሁሉንም በላቤ ነው ያገኘሁት፣ ከመጀመሪያው በር በስተቀር።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔ ግን ጎል ባገባሁ ቁጥር እየከበደ ሄደ፤ አባቴ ያንን ምስክርነት አልተወውማ። ከቦኖሻ እስከ አዲሎ ጉባኤ ባለበት ሁሉ እየተጋበዘ «እኔ ሞኙ አባት ከጌታ ጋር ተሟግቼ ነበር» እያለ ይናገራል። እሱን የሰሙ አባቶች ሴት ልጆቻቸውን ለኳስ ፈቀዱ። ዛሬ ጃጁራ ሜዳ ላይ የሴቶች ቡድን አለ፤ እንዴት እንደሚጫወቱ ብታዩ! ብናገር አባቶቻቸው ያስቀሯቸዋል፣ ለእነሱ ስል ነው ዝም ያልኩት እያልኩ ራሴን ስደልል ኖርኩ። ለእነሱ ነው? ለራሴ ነው እንጂ።

ባለፈው እሁድ ሜዳሊያዬን አንገቴ ላይ አድርጌ ጃጁራ ቤተ ክርስቲያናችን ለምስጋና ሄድኩ። አባቴ ተነሥቶ ያንኑ ተናገረ። አሁን አርጅቷል፣ ያለ ከዘራ አይቆምም፤ ሆኖም ያጠፋው ጥፋት እንዳለ ሁሉ እንደገና ሊንበረከክ ሞከረ፤ ሁለት ሰዎች ደግፈው ያዙት። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብልኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ቤት እንደገባን ነገርኩት።

«እኔን ማታለልሽስ ይሁን» አለ። «በሱ ስም ግን!» ቆየት ብሎ ደግሞ «እውነቱን ነግረሽ ብትለምኚኝ ግን አልለቅሽም ነበር» አለ።

አያችሁት? እኔ ሳልከሰው ራሱን ከሰሰ። እሁድ ሕዝቡ ፊት እንደምናገር ነገርኩት። «አባቶቻቸው ልጆቹን ቢያስቀሯቸውስ?» አልኩት።

«አንቺ ያንቺን ተናገሪ። እኔ ደግሞ ካንቺ በኋላ ተነሥቼ፣ ሕልም አትጠብቁ፣ ልጆቹን ልቀቋቸው እላቸዋለሁ።»

ነገ እሁድ ነው። እልልታ አይኖርም። ከጌታ እራት ያግዱኝ ይሆናል፤ ያግዱኝ፣ ይገባኛል። ኳስ በመጫወቴ ይቅርታ አልጠይቅም፤ የሮጥኩትን ሁሉ ደግሜ እሮጠዋለሁ። ልጅ ነበርኩ ብዬም አላመካኝም፤ አውቄ ነው ያደረግኩት። እኔን ይቅር ለማለት ከከበዳችሁ ይቆይ። ይህን ብቻ እወቁልኝ፦ አባቴ ይቅር የሚባልበት በደል አልነበረበትም።