አክስቴ የመረጧት ቀይ ሞተር

ሞተር ብስክሌት ሲጠፋ ልብ ብለሽ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ጩኸቱን ማለቴ አይደለም፤ ከጩኸቱ በኋላ ያለውን። የጋለው ብረት ሲቀዘቅዝ ጢቅ... ጢቅ... ይላል። ባለፈው ሳምንት ሐይቁ ዳር ቆሜ ባጃጅ ስጠብቅ አንድ ጎረምሳ ሞተሩን ከጎኔ አቁሞ ሄደ። ጢቅ፣ ጢቅ አለች። የቤንዚንና የጋለ ዘይት ሽታ አፍንጫዬ ሥር መጣ፤ ከጣና በኩል የሚነፍሰው የእርጥብ ደንገል ሽታ ተደረበበት። ባጃጁ መጥቶ ጥሩምባ ቢነፋብኝም አልሰማሁትም። እኔ በደርግ ዘመን ነበርሁ፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወድቄ በአክስቴ ሱቅ ጨርቅ በምለካበት ጊዜ።

አክስቴን ልንገርሽ። የአባቴ ታላቅ እህት ነበሩ። አባቴን እኔ "አንተ" እለው ነበር፤ እሳቸውን ግን አባቴ ራሱ "እርስዎ" ነበር የሚላቸው። ባላቸው በጊዜ ሞተውባቸዋል፣ ልጅ አልወለዱም፤ ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ ከአባቴ የመጋረጃ ሱቅ ጎን የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። ሰፊ ሴት ነበሩ። ሲቀመጡ ወንበሩ ይጠፋል፤ ሲስቁ መደርደሪያው ላይ ያለው ጣቃ ይነቃነቃል። ሐሙስ ሐሙስ ጨርቁን በጭነት መኪና ያስጭኑና እሳቸው በአውቶቡስ ሐሙሲት ገበያ ይሄዳሉ።

ነገሩ የተጀመረው በዚያ አውቶቡስ ነው። አንድ ሐሙስ መናኸሪያ ውስጥ አክስቴ አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ አሳርፈው፣ ሌላውን ለማንሣት ትንፋሽ ሲሰበስቡ፣ ረዳቱ ከውስጥ ሆኖ፣ "ወገኖች፣ እኒህን እናት ከዕቃው ጋር ጣራ ላይ ብንጭናቸው አይሻልም?" አለ። አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። እኔ ከኋላቸው ቅርጫታቸውን ይዤ ቆሜአለሁ። አክስቴ እግራቸውን ከደረጃው አወረዱ። ቅርጫቱን ከእጄ ተቀብለው የቤቱን መንገድ ያዙ። ሐሙሲት ሳይሄዱ የቀሩበት ሐሙስ አይቼ አላውቅም ነበር።

ቤት እንደደረስን አባቴን አስጠሩት።

"ሞተር ልገዛ ነው" አሉት።

"የምን ሞተር? የወፍጮ?"

"የሚጋለበውን። ይህች ልጅ ትነዳለች፣ እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ።"

አባቴ ሳቀ። ብቻውን እንደሚስቅ ሲያውቅ አቆመ። "እትዬ፣ የሰው መሳቂያ ያደርጉናል እኮ። ሴት ልጅ እግሯን ከፍታ ሞተር ላይ! ነገ ማን ያገባታል?"

"እናታችን በቅሎ ላይ ስትወጣ እግሯን የት አድርጋው ነበር?"

አባቴ ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አደረገው። "እሺ፤ ብቻ ጨዋይቱን ይግዙ" አለ።

ጨዋይቱ የትኛዋ እንደሆነች ሁላችንም እናውቃለን። ወደ ዓባይ ድልድይ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ጋራዥ ነበረ፤ ባለቤቱ የአስመራ ልጅ ነው፤ መካኒኩም እሱ ራሱ ነው። በዚያ ሰሞን ሁለት የሚሸጡ ሞተሮች ነበሩት። አንደኛዋ ነጭ ናት፤ ጎማዎቿ ትንንሽ፣ ፊቷም ጎኗም በቆርቆሮ የተሸፈነ፣ እግር ገጥመው እንደ ወንበር የሚቀመጡባት። ጨዋይቱ እሷ ነበረች። እኔም የምፈልገው እሷን ነበር። ፈሪ ነበርሁ። ብስክሌት እንኳ ስነዳ በግ ከመጣ ወርጄ፣ በጉን አሳልፌ ነበር ተመልሼ የምወጣው።

ጋራዡ ውስጥ ጣራው ወንፊት ሆኗል፤ በየቀዳዳው የሚገባው ፀሐይ በዘይት የጠቆረው መሬት ላይ ተበትኗል። መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣና ነጯን ገፍቶ አወጣልን። "ለእርስዎ የተሠራች ናት፣ እናቴ" አለ።

አክስቴ ዞረው ከኋላ ተቀመጡባት። የፊት ጎማዋ ቀስ ብሎ ከመሬት ተነሣ። መካኒኩ ሮጦ መሪዋን ያዘና ቁልቁል ተጫናት፤ አክስቴ ትንሽ በተነቃነቁ ቁጥር እሱም ከመሪው ጋር አብሮ ይነሣል። "ግድ የለም... ልጅቱ ከፊት ስትሆን... ትመጣጠናለች" አለ እያለከለከ። ከፊት ወጣሁ። ያን ጊዜ አጥንት ብቻ ነበርሁ፤ ጎማው እንደተነሣ ቀረ።

"አውርዱኝ" አሉ አክስቴ። ሲወርዱ ፊታቸው ወደ ጋራዡ ጥግ ዞሮ ነበር፤ እዚያው ቀረ።

ጥግ ላይ ቀይዋ ቆማለች። አንድ ፈረንጅ ባለሙያ አገሩ ሲመለስ የሸጣት ናት። መሸፈኛ የሚባል ነገር አልነካትም፤ ሞተሯ፣ ቱቦዋ፣ ሽቦዋ ሁሉ ሜዳ ላይ ነው። ክብ መብራት፣ ሰፊ መሪ፣ ረዥም ጥቁር ወንበር። የቤንዚን ታንከሯ እንደ በሰለ ቲማቲም ያብረቀርቃል፤ ጭስ ማውጫዋ ፊት ያሳያል።

"ያቺስ?"

"እሷን ይተዉዋት። የጎረምሳ ናት፣ ጉልበተኛ ናት። ደግሞ እንደሚያዩዋት ልብስ የላትም፤ ሁሉ ነገሯ ይታያል።"

አክስቴ ቀስ ብለው ዞሯት። "ታዲያ የምትደብቀው ምን አላት?" አሉ።

ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ ጨርቅ ሲገዙ እንደሚያደርጉት፣ ሂና ባቀላቸው ጣቶቻቸው ሽቦውንም ወንበሩንም እያሹ፣ "ይህ ምንድን ነው? ይህስ?" ይሉት ጀመር። መካኒኩ "ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ" እያለ ይከተላቸዋል። እጃቸውን ሳብ አደረግሁ። "አክስቴ፣ ይህች ትገድለናለች። አባቴም ጨዋይቱን ነው ያለው።"

"ይህችስ ምን አደረገች? አርፋ ቆማ ነው ያገኘኋት።" ወደ መካኒኩ ዞሩ። "የተሸፈነ ዕቃ አልወድም። ጣቃ እንኳ ዘርግቼ ሳላይ ገዝቼ አላውቅም። እስቲ አስነሣት።"

አንድ ጊዜ በእግሩ ረገጣት፤ ተነሣች። ነጯ ቢሆን እንደ ንብ ትል ነበር ይሆናል። ይህች ግን ድምፅዋ ከመሬት ገብቶ በጫማዬ ወደ ደረቴ ወጣ። ጣራው ላይ የነበሩት እርግቦች በረሩ። አክስቴን አየኋቸው፤ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ሲገልጡት "ቢስሚላህ" አሉና ቦርሳቸውን ከጉያቸው አወጡ።

መካኒኩ ቤታችን ድረስ ነዳልን። አባቴ በር ላይ ቆሞ አያት፤ ፊቱ ቀላ። "እትዬ! ይህች እኮ ራቁቷን ናት!"

"ሱቅህ ጨርቅ ሞልቶታል፤ አልብሳት" አሉት።

በማግሥቱ ጠዋት ግቢ ስንወጣ እውነትም አልብሷታል። ለመጋረጃ የሚሸጠውን አበባማ ጨርቅ ከመሪዋ እስከ ኋላ ጎማዋ አጥልቆባት፣ ጎረቤት እንዳያያት በገመድ ሸብቦ አስሯታል። አክስቴ በበኩላቸው ከሱቃቸው ካኪ ቆርጠው፣ ከቀሚስ ሥር የሚለበስ ሱሪ ሊያሰፉ ሄዱ፤ አንድ ለእኔ፣ አንድ ለራሳቸው። ልብስ ሰፊው ጨርቁን ዘርግቶ፣ "ይኼ ትልቁ ለማን ነው?" ሲላቸው፣ "ለሞተር" አሉት። እሱም ሁለት እግር ያለው የሞተር ልብስ ሰፋ።

መካኒኩ ጠዋት ጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ፣ በሐይቁ ዳር ያስተምረኝ ጀመር። አክስቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያዩናል። በግራ እጅ ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀውን ፍሪሲዮን ቀስ ብሎ መልቀቅ፣ በቀኝ ቤንዚኑን ቀስ ብሎ መስጠት፤ ሲያወሩት ቀላል ነው። እኔ በለቀቅሁ ቁጥር ወይ እንደ ደነገጠች ፍየል ትዘላለች፣ ወይ አስነጥሳ ትጠፋለች። አንድ ጠዋት ግን አልጠፋችም። እኔ "ቁሚ! ቁሚ!" እያልሁ እጮኻለሁ፤ መካኒኩ "ፍሬን! ፍሬን!" እያለ ይሮጣል። ቁልቁለቱን ወርደን፣ ደንገሉን ሰንጥቀን፣ ጣና ውስጥ ገባን። ውሃው እስከ ጉልበቴ ነበር። ሞተሯ ትንሽ አጉረመረመችና ዝም አለች። እዚያው አጠገቤ አንድ ሽማግሌ የደረቀ ደንገል እያሰሩ ታንኳ ይሠራሉ። ቀና ብለው እኔን አዩ፤ ሞተሯን አዩ።

"ልጄ፣ ይህች በውሃ አትሄድም" አሉኝ በእርጋታ። የነገረኝ ሰው ባይኖር ብለው ይሆናል።

ላለቅስ ደርሼ ነበር። በዚህ መሐል ከድንጋዩ በኩል የአክስቴ ሳቅ መጣ፤ ደንገሉ ውስጥ ያሉ ወፎች ሁሉ ተነሡ። ሳላስበው እኔም ሳቅሁ፤ ሽማግሌውም ሳቁ። ሳቂ፣ አንቺም ሳቂ፣ ግድ የለም። መካኒኩ ብቻ አልሳቀም፤ እሳት የምትሰጠውን ካንዴላዋን አውጥቶ ሲያደርቅ ዋለ። ያን ቀን ግን ፍርሃቴ ውሃው ውስጥ ቀረ። ከዚያ የባሰ ምን ይመጣል?

መንጃ ፈቃድ አገኘሁና የሐሙሱ ቀን ደረሰ። ቤንዚን በኩፖን ነበር፤ አክስቴ ከየት አጠራቅመው እንዳመጡት እንጃ። ካኪያቸውን ታጥቀው፣ ጃንጥላቸውን ይዘው ወጡ። አባቴ መጀመሪያ አላይም ብሎ ሱቁ ውስጥ ነበር። ኋላ ወጣና የሻሻቸው ጫፍ ጎማ ውስጥ እንዳይገባ ራሱ ቋጠረላቸው። ለእኔ፣ "ቀስ በይ" አለኝ።

ዓባይ ድልድይ ላይ ዘበኛው ወታደር እጁን አነሣ። ዙሪያችንን ዞሮ ደጋግሞ ተመለከተን። "እማማ፣ ይውረዱና በእግር ይለፉ" አለ።

"ልጄ፣ እኔ አንዴ ተቀምጫለሁ። የምወርደው ሐሙሲት ነው።"

ወታደሩ ወርደው መልሰው እንዴት እንደሚወጡ አስቦ መሰለኝ፣ "ይለፉ" አለ።

ከድልድዩ ማዶ ፀሐይዋ በረታችና አክስቴ ጃንጥላቸውን ዘረጉ። እኔ አላየሁም፤ ብቻ ሞተሯ ወደ ኋላ የተጎተተች መሰለኝ። ቤንዚን ጨመርሁ። ከኋላዬ "ያ ረሱለላህ!" የሚል ጩኸት ተሰማ፤ ዞር ስል ጃንጥላው ተገልብጦ በዳጉሳው ማሳ ላይ ይበርራል፤ ከኋላው ገበሬ ይሮጣል። "ልመለስ?" አልኋቸው። "ተዪው፣ ለእሱም ፀሐይ ነው" አሉኝ።

ዳገቱ ላይ አውቶቡሱን ደረስንበት። ጥቁር ጭስ እየተፋ፣ እያቃሰተ ይወጣል። በሩ ላይ ያ ረዳት ተንጠልጥሏል። አክስቴ ጎኔን ቆነጠጡኝ። "ከጎኑ ሂጂ። ቀስ ብለሽ።" ጎን ለጎን ሆንን። ረዳቱ መጀመሪያ እኔን አየ፤ ከዚያ እሳቸውን አየና አፉ ተከፈተ። አክስቴ ሻሻቸውን በአንድ እጃቸው እንደያዙ፣ "ዕቃው ቀድሞህ ሄደ!" አሉት። አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሰው በየመስኮቱ አንገቱን እያወጣ አጨበጨበ። ከዚያ ወዲያ ሐሙሲት ድረስ አክስቴ ጀርባዬ ላይ ሲስቁ ነበር፤ ሳቃቸው ሆዴ ውስጥ ይሰማኝ ነበር።

ስንመለስ ወደ ማታ ሆኗል። ጣና ከዳር እስከ ዳር ቀልቷል፤ ከወደ ዘጌ በኩል ታንኳዎች ይመለሳሉ። መካኒኩ ያስተማረኝ ቦታ ስንደርስ አክስቴ፣ "አቁሚ" አሉኝ። ደክሟቸው መሰለኝ። ወረዱ፤ ዙሪያውን አዩ፤ ሰው የለም።

"አንቺ ከኋላ ሁኚ" አሉኝ።

"አክስቴ?"

"የገዛኋት ለአንቺ አይደለም።" ልጅ ስታፍር እንደምታደርገው ዓይናቸውን ሰበር አደረጉ። "ያን ቀን ካስነሣት ጀምሮ ነው መንዳት ያማረኝ።"

ከፊት ወጡ። በትከሻቸው ላይ እጄን አሳልፌ ፍሪሲዮኑን አሳየኋቸው፤ ማርሹን እኔ በእግሬ አስገባሁላቸው። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ እኔን ስንት ቀን ያስለቀሰችኝ ሞተር ለእሳቸው እንደ ውሃ ፈሰሰች።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሐሙስ አብረን ሄድን። ኋላ አገሩ ታመሰ፤ ጦርነቱ ወደ እኛ ሲቀርብ ቤንዚን ጠፋ፤ ሞተሯንም ሸጥናት። አክስቴም ከዚያ ወዲያ አንድ ክረምት ነው የቆዩት። አባቴ በቀብራቸው ማግሥት ሱቃቸውን ከፍቶ ሲገባ፣ ደጃፉ ላይ ቆሞ ለባዶው ሱቅ "እትዬ፣ እንዴት አደሩ" ሲል ሰምቼዋለሁ።

እኔ ግን ስለ እሳቸው ሳስብ የማስበው ያችን ማታ ነው። በዝግታ፣ በአንደኛ ማርሽ፣ በሐይቁ ዳር እንሄዳለን። አክስቴ አይስቁም፤ መሪውን ጨብጠው ፊት ለፊት ያያሉ። በሁለት እጄ ወገባቸውን አቅፌአለሁ፤ እጆቼ አይገናኙም። ጀርባቸው አዲስ ጨርቅና ቅርንፉድ ይሸታል። ጉንጬን አስደግፌበታለሁ። ከፊቴ ምንም አይታየኝም፤ ወዴት እንደምንሄድም አልጠየቅኋቸውም።