የመኮንኑ ጫማ

ባሌ እንዳላማው ጥይት አይፈራም፤ ጣሊያን አይፈራም፤ የእኔን የሚስቱን የታየችን ምላስ እንኳ አይፈራም። የሚፈራው ስለትን ነው። ደምበጫ አጠገብ ጣሊያን የከበባቸው ጊዜ «ማርቆስ፣ ከዚህ በሕይወት ካወጣኸኝ በገዛ እግሬ መጥቼ እሳለምሃለሁ» ብሎ ተስሎ ኖሯል። ወጣም። ሌላ ሰው ቢሆን ተመስገን ብሎ ጫካው ውስጥ አርፎ ይቀመጣል። የኔው ጉድ ግን ደብረ ማርቆስ ካልገባሁ አለ።

ደብረ ማርቆስ ያን ጊዜ የማርቆስ ሳትሆን የጣሊያን ናት። መንገዱን ካሚዮን፣ ገበያውን ባንዳ ሞልቶታል። እንዳላማውን ይዞ ላመጣ ይሸለማል ተብሎ በዚያው ገበያ አዋጅ ተነግሯል። ይኸ ሁሉ ለባሌ ምንም አይደል።

«ጧፉን እኔ ላድርስልህ» አልሁት።

«የተሳልሁት እኔ፣ የምትሳለሚው አንቺ? ታቦት ይታለላል እንዴ?»

«ታቦቱ የሚፈልገው ጧፍ ነው ወይስ ሬሳ?»

«አፍሽን ያዢ!»

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይላል ያገሬ ሰው። መከራው እግረ መንገዱን ሚስትየዋንም እንደሚመክር ግን ማንም አልነገረኝ።

ጠብመንጃውን ለጓደኞቹ ትቶ፣ ጎፈሬውን ተላጭቶ፣ ጋቢ ተከናንቦ፣ አህያ እየነዳን እንደ ገበያተኛ ገባን። ከማርቆስ ቅጥር ስንደርስ ደግሞ ሌላ ጉድ ጠበቀኝ። ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ ከደጁ ቆመ! «ነፍስ አጥፍቻለሁ። ንስሐ ሳልቀበል ውስጥ አልገባም» ይለኛል። አይ እቴ፣ ሊገድለው ለመጣው ጣሊያን ንስሐ! ገበዙ አባ ወልደ ሩፋኤል «ግባ ልጄ፣ ውስጥ ብትሆን ከዓይን ትሰወራለህ» ብለው ቢለምኑት አሻፈረኝ አለ። ጧፉን ለእሳቸው ሰጥቶ፣ ደረጃው ላይ ተደፍቶ መሬቱን ሳመና ተነሣ። በቃ፣ ስለቱ ደረሰ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ይህን ጊዜ አንዲት መኪና ከበሩ ቆመች። አንድ የጣሊያን መኮንን ፎቶ ማንሻ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወረደ። የጥንት ሥዕል ወዳድ ነው አሉ። እንግዲህ ባሕር አቋርጦ፣ መንደር አቃጥሎ የመጣው የኛ ሥዕል ናፍቆት ይሆናል። አስተርጓሚው ሙላት ይከተለዋል። ሙላት የቆሎ ተማሪ ሳለ በደጃችን «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከእጄ የበላ ልጅ ነው። እኛን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ግን አይቶ እንዳላየ ሆነ። እግዜር ይስጠው።

መኮንኑ ከነቦት ጫማው ደረጃውን መውጣት ጀመረ። እኔ የባሌን ጋቢ ጨምድጄ ያዝሁ። ምን ዋጋ አለው!

«ጫማህን አውልቅ!» ብሎ ጮኸበት።

ወይኔ እመቤቴ! መኮንኑ ዞረ። ሙላት ላቡ እየተንጠባጠበ በጣሊያንኛ አንድ ነገር አነበነበለት፤ ከዚያ ወደኛ ዞሮ ቶሎ ቶሎ «የቤተ ክርስቲያኑ ጫማ ጠባቂ ነው ብየዋለሁ፣ ዝም በል!» አለ። መኮንኑ ሳቀ። ተቀምጦ ቦቱን አወለቀና ለባሌ አስታቀፈው፤ ሁለት ቃል ተናገረ። ሙላትም ባገራችን ወግ «አደራህን ብሎሃል» ብሎ ተረጎመለት።

ምነው ይችን ቃል በዋጣት!

ሁለቱ ወደ ውስጥ ገቡ። «በል እንሂድ፣ ጣለው!» አልሁት።

«አደራ ተቀብያለሁ።»

«የጣሊያን አደራ?»

«አደራ አደራ ነው። አደራ በላ ልባል?»

«እሱ አገር በልቶ የለም እንዴ?»

«በአገሩ እሱ ይጠየቅ። እኔ የምጠየቀው በጫማው ነው።»

አለቀስሁ፤ እግሩ ላይ ወደቅሁ። አባ ወልደ ሩፋኤልም «አደራውን ለእኔ አስተላልፍልኝና አንተ ሂድ ልጄ» አሉት። እጃቸውን ስሞ «የተቀበልሁት እኔ ነኝ አባቴ» አለና ቦቱን ይበልጥ አጥብቆ አቀፈው። ልጆቹን እንዲያ አድርጎ ሲያቅፍ አይቼው አላውቅም።

መኮንኑ ደግሞ አይወጣም! ግድግዳው ሙሉ ቅዱሳን ነው፤ አንድ በአንድ ሳያነሣቸው ሊሄድ ነው? በዚህ መሀል መኮንኑን አጅቦ መጥቶ ከበሩ የቆመው ባንዳ አበረ ጥላ ፍለጋ ወደ ግቢው ገባ። አበረ ጎረቤታችን ነበር፤ እርሻችን ድንበርተኛ ነው። ጎፈሬ ቢላጩት ምን ሊሆን፣ ጎረቤት የጎረቤቱን አቀማመጥ አይስትም። «እንዳላማው!» ብሎ ጠብመንጃውን ደገነ።

ባሌ ያችን አጥር ዘሎ ማምለጥ ይችል ነበር፤ ከእሷ የባሰ ዘሎ ያውቃል። ከተቀመጠበት አልተነቃነቀም። መኮንኑ ጩኸት ሰምቶ በካልሲው እየሮጠ ሲወጣ ነው ብድግ ያለው። ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጫማውን አስረከበ። መኮንኑ ተቀምጦ ቦቱን አጥልቆ፣ ማሰሪያውን ቋጥሮ እስኪነሣ ሁሉም በጨዋ ደንብ ቆሞ ጠበቀው። ከዚያ ባሌን የፊጥኝ አሰሩት። ሙላት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር።

በማግስቱ ገበያው መሀል ሰቀሉት።

አባ ወልደ ሩፋኤል ለቅሶ ሊደርሱኝ መጡ። «አይዞሽ ልጄ። ባልሽ ስለቱን አድርሶ፣ አደራውን መልሶ ነው የሄደ» አሉኝ። ለቀስተኛው ሁሉ «እውነት ነው፣ እውነት ነው» እያለ ራሱን ነቀነቀ።

«አባቴ» አልኋቸው፣ «የሠርጌ ዕለት አባቴ እጄን ይዞ ለእንዳላማው ሲሰጠው ምን እንዳለው ያውቃሉ?»

«ምን አለው?»

«አደራህን ነው ያለው። እኔን ለማን አስረክቦ ሄደ?»