አራት ስኒ ጥምዝ

«ቀስ በል እሳቴ ሆይ፣ ረጋ በል ነበልባል፣
የተጣደፈ ድስት ከሥሩ ይይዛል፣
እምም… እምም… እምም…
የጠበቁት ነገር ዘግይቶ ይበስላል።»

ጥሩብርሃን ድስት ላይ ስትቆም የምታንጎራጉራት ይህችን ናት። ሦስተኛዋ ስንኝ ጠፍታባታለች። የት እንደጠፋች፣ ደሴ ትቅር ባሕር ላይ ትውደቅ፣ አታውቅም። ዘፈኗን የወረሰችው የሠርግ ወጥ ሠሪ ከነበረችው አክስቷ ከእትዬ ፋንታዬ ነው። እትዬ ፋንታዬ ሰዓት አልነበራትም፤ ድስትን የምትለካው በዘፈን ነበር። «አሥር ዙር ካልሽ ሽንኩርቱ ይደርሳል፤ መቶ ዙር ካልሽ ሙሽራዋም ትደርሳለች» ትል ነበር፣ ነፍሷን ይማረውና።

ጥሩብርሃንም ለንደን መጥታ፣ ፓርክ ሮያል ከመጋዘኖቹ መሀል በተሸጎጠች አንዲት ማብሰያ ቤት ሥራ ስታገኝ፣ ይዛ የገባችው ያንኑ መለኪያ ነው። እዚያ የሚበስለው ወጥ አይደለም። ሕንዶቹ ቺያዋንፕራሽ የሚሉት፣ እሷ «ጥቁሩ ማርማላታ» የምትለው ነው። አምላ የሚባል ኮምጣጣ አረንጓዴ ፍሬ ተፈጭቶ፣ በቅቤ ተጠብሶ፣ በስኳርና በብዙ ዓይነት ቅጠላ ቅጠል ተቁላልቶ፣ ሲቀዘቅዝ ማር ይገባበታል። ሰዎች ጠዋት ጠዋት አንድ ማንኪያ ይወስዳሉ፤ ለጉሮሮም፣ ለጉልበትም፣ ለልማድም። ጥቁሩ ማርማላታ በሚበላበት ቤት ያደገ ልጅ፣ ጣዕሙ ትንሽ ከተዛነፈ እናቱ የተቀየረችበት ያህል ይቆጣል።

የቤቱ ባለቤት ኮኪላቤን ሰባ አራት ዓመቷ ነው፤ ስኳር ስላለባት ያንን ሁሉ ዘመን ያበሰለችውን አሁን በምላሷ አትነካውም። ማማሰያውን ለጥሩብርሃን ያስረከበቻት ያኔ ነው። አሥራ አራት ዓመት ሆነው።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ነገሩ ይከብዳል። ማሩስ ምንም አይደል፤ ቅቤው ነው። ሁለት ወር ሙሉ ጥሩብርሃን ሳትቀምስ ታበስላለች። ቀዝቃዛ ሳህን ላይ ጠብታ ታሳርፋለች፤ ካልፈሰሰ ደርሷል። ማማሰያውን ድስቱ መሀል ትስባለች፤ መንገዱ ካልተዘጋ ደርሷል። የቀረውን ዘፈኑ ያውቃል። በመጀመሪያው ዙር ፍሬው፣ በሌላው ቅቤው፣ እያለ ይሄድና በመጨረሻው ዙር እምም የምትልባት ቦታ ላይ፣ ቀኝ እጇ ማማሰሉን ሳያቆም ግራ እጇ ወደ ትልቁ ቆርቆሮ ይሄዳል፤ ከጥምዙ ዱቄት አራት ስኒ። እነሱ ሌላ ስም አላቸው፤ ለእሷ ግን መልኩም ንክሻውም የአገሯ ጥምዝ፣ ያ ረዘም ያለው ቁንዶ በርበሬ ነው።

የዛሬው ዓርብ ጠዋት ገና ኤፕረኗን ሳታስር የኮኪላቤን የወንድም ልጅ ዳርሻን መጣ። ከገና ወዲህ ሥራውን የሚመራው እሱ ነው።

«ጥሩ አንቲ፣ ያበሰለችውን የማትቀምስ ምግብ አብሳይ በዓለም ላይ አንቺ ብቻ ሳትሆኚ አትቀሪም።»

«ዓይነ ስውርም ዘፈን ይዘፍናል» አለችው።

«ይዘፍናል፤ መኪና ግን አይነዳም። አንድ ድስት፣ አንድ ብቻ ከተበላሸ፣ ከዚያ በኋላ ሥራሽ ሌብል መለጠፍ ነው። ሶሪ።»

ኮኪላቤን ከወንበሯ ሆና ጣቷን አውለበለበችበት። «ሂድ ወደዚያ! የእሷ እጅ ካንተ ምላስ ይበልጣል።»

ጥሩብርሃን ሳቀች፤ ሆዷ ግን አልሳቀም። ሌብል መለጠፍ ኃጢአት አይደለም። ግን ድስት የሌለበት ዘፈን ምን ይሆናል?

እንግዲህ የሆነው በመጨረሻው ዙር ላይ ነው። ማርማላታው ጠቁሮ፣ ከብዶ፣ ፕልቅ ፕልቅ ይላል። «ቀስ በል እሳቴ ሆይ» አለች፤ «የተጣደፈ ድስት» አለች፤ እምም ልትል ከንፈሯን ስትገጥም፣ አፏ በራሱ ተከፈተ።

«ላንቺ ያልኩት ጉርሻ መዳፌ ላይ ቀርቷል…»

መጣች! የጠፋችው ስንኝ፣ ከነዜማዋ፣ ከነእትዬ ፋንታዬ የሻከረ ድምፅ መጣች። ጥሩብርሃን ቆመች። እንባዋ ጉንጯ ላይ ወረደ፤ በእጅጌዋ ጠረገችው። ስንኟን እንዳታመልጣት ደግማ አለቻት፣ ሠልሳ አለቻት። ከዚያ ጠብታውን ሳህን ላይ አየች፤ ደርሷል። እሳቱን አጠፋች። እንደ ልማዷ ስኒዎቹን ሁሉ አጥባ ደፋች፤ የገባው ሁሉ የሚመዘገብበት ወረቀትም ላይ ከላይ እስከ ታች ራይት ራይት አድርጋ ፈረመች።

ማሩን አማስላ ስትጨርስ ነው ዓይኗ ትልቁ ቆርቆሮ ላይ ያረፈው።

ጥምዙስ?

ጥምዙ የሚገባው እምም ላይ ነው። ዛሬ ደግሞ እምም አላለችም።

ቆርቆሮውን ከፈተች፤ እንኳን አራት ስኒ አርባ ቢቀነስበት የማያስታውቅ ትልቅ ቆርቆሮ ነው። አሸተተች፤ አሥራ አራት ዓመት በዚያ ሽታ የተነከረ አፍንጫ ምን ይለያል? አሁን ልጨምር? ገብቶ ከሆነስ? እጥፍ ከሆነ የሽማግሌ ጉሮሮ ያቃጥላል። ዳርሻንን ቅመስ ልበለው? ብለው መልሱ ሌብል ነው። አንዲት ማንኪያ ራሷ ብትቀምስ ማን ያያል? ማንኪያውን አነሳችው። ከዚያ መልሳ አስቀመጠችው፤ የሚያይ እንዳለ ታውቃለቻ።

የቤቱ ልማድ ነው፤ ከድስቱ ሥር የሚፋቀው የአብሳይዋ ነው። በትንሽ ብልቃጥ ፍቃ ያዘች። ስምንት ሰዓት ላይ ሺፍቷ አልቆ ስትወጣ ሴቶቹ ብልቃጦቹን መሙላት ጀምረዋል። አሥር ሰዓት ላይ ይከደናሉ። ከዚያ በፊት ካወቀች ስልክ ደውላ «አቁሙ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» ማለት ትችላለች። ከዚያ በኋላ ጠዋት ላይ መኪናው ጭኖት ይሄዳል።

ከፓርክ ሮያል እስከ ሆሎዌይ ሮድ አንድ ባቡር ነው። ብልቃጧን ጉልበቷ ላይ ይዛ ሊቀምሱላት የሚችሉትን ወዳጆቿን አንድ በአንድ አሰበች። እህተማርያም? ትጾማለች። ሳህሉ? እሱማ ውኃም እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይነካ። ልጇ ሄራን አትጾምም፤ ግን ቪጋን ሆናለች፤ ዓመቱን ሙሉ ጾማ አንድ ቀን የማትጸልይ! የምታምናቸው ሁሉ ጿሚ፣ የማይጾሙት አለቃ። ባቡሩ ከመሬት በታች ሲገባ መስተዋቱ ላይ የራሷን ፊት አየችና በድንገት ጮክ ብላ «ጋሽ ማኑሄ!» አለች። አጠገቧ የተቀመጠው ሰው ቦታ ቀየረ።

ጋሽ ማኑሄ አንድ ፎቅ ከበላይዋ የሚኖሩ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ጴንጤ ናቸው፤ ጾሟን አይጾሙም። ለሳላቸው ብላ የምታመጣላቸውን ጥቁር ማርማላታ ስድስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ወስደዋል። ከእሳቸው አፍ የተሻለ ሚዛን ለንደን ውስጥ የለም።

ሊፍቱ እንደ ሁልጊዜው ተበላሽቷል። ደረጃውን እያለከለከች ወጣች። በሩን ሲከፍቱላት ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ አምስት ደቂቃ ነበር።

«ምነው ጥሩዬ፣ ማን ሞተ?»

«ማንም! ጋሼ፣ ይቅመሱልኝ። አሁኑኑ። ምን እንደጎደለው አልነግርዎትም፤ እርስዎ ይንገሩኝ።»

አስተያየቷን ዓይተው ቀልድ እንዳልሆነ ገባቸው። ማንኪያ አመጡ፣ ሞሉ፣ ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ጌታ ሆይ፣ ለዚህች እህታችን፣ ለእጆቿ ሥራ፣ ይህን ላዘጋጁት ሁሉ…»

«ጋሼ! ማንኪያ ነው እኮ፣ ሠርግ አይደለም!»

«…አሜን። እናንተ ሦስት ሰዓት ቆማችሁ ስታስቀድሱ እኛ ምን አልን?» ጎረሱ።

ጥሩብርሃን ከንፈራቸውን ታያለች። ከንፈራቸው ቀስ ብሎ ይንቀሳቀሳል።

«ይጣፍጣል» አሉ።

መጣፈጥማ ስኳሩም ያጣፍጣል።

«ኮምጠጥ ይላል። ቅቤውም አለ። ቀረፋው… አዎ።» ማንኪያውን ላሱ። እሷ ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች። የኮኪላቤንን ቁጥር ፈለገች። ምን እንደምትል በልቧ ማዘጋጀት ጀመረች፤ አሥራ አራት ዓመት፣ ይቅርታ፣ ሌብል…

«እህ» አሉ ጋሽ ማኑሄ።

ቀና አለች።

«እህ! እህ!» ጉሮሯቸውን ያዙ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ይሄ ሰይጣን! ይኸው መጣ! ይሄ ሁልጊዜ ከኋላ መጥቶ የሚነክሰኝ ምንድን ነው ስሙ?»

«ጥምዝ!»

«ጥምዝ ይሁን ጅብ፣ ነክሶኛል! ውኃ ስጪኝ እንጂ ምን ትስቂያለሽ?»

የጥምዝ ጠባይ ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ ነው የሚያንኳኳው። ጥሩብርሃን ውኃ ልትቀዳ ሄዳ ቧንቧው ፊት እንደቆመች ሳቋ ወደ ልቅሶ፣ ልቅሶዋ ወደ ሳቅ ተገላበጠ። እሷ ስታለቅስ፣ እሷ አክስቷን ስትሰማ፣ ግራ እጇ ሥራውን አልረሳም። ማንንም ሳይጠይቅ አራት ስኒውን ሰፍሯል።

«እንደ ወትሮው ነው የነከሰዎት? አልበዛም? አላነሰም?»

«እንደ ትናንቱ፣ እንደ አምናው። አንቺ ሴትዮ፣ አሁን ምን እንደሆነ ትነግሪኛለሽ ወይስ ፖሊስ ልጥራ?»

ነገረቻቸው። ስንኟን ስትነግራቸው ጋሽ ማኑሄ ዓለማዊ ዘፈን አልሰማም የሚሉት ሰው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ «እስቲ ድገሚያት» አሉ። ደገመችላቸው። ከዚያ ወደ ምድጃቸው ዞሩ።

«ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ምስር አለኝ፤ ዓርብ ዓርብ በዘይት ነው የምሠራው። ለእኔ እንዳይመስልሽ፤ ጎረቤቴ አስቸጋሪ ናት።»

«ስድስት ዓመት ሙሉ?»

«እና? አንቺስ ስድስት ዓመት ሙሉ ስታስነክሺኝ አልኖርሽም? ተቀመጪ።»

ጥሩብርሃን ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ መለሰች። ከንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ድስት ላይ የቆመችው ሴት ወንበሩን ሳበች። ኮቷን አወለቀች፣ እጇን ታጠበች፣ አማተበች። መስኮቱ ሥር የሆሎዌይ አውቶቡሶች ያልፋሉ፤ ፓርክ ሮያል ደግሞ ይህን ጊዜ ክዳኖቹ አሥር ሰዓትን እየጠበቁ ይሆናል። ጋሽ ማኑሄ ሳህኑን ፊቷ አስቀመጡ። እሷም ከእንጀራው ቆረሰች፣ ምስሩን ጠቀለለች፣ ቁጭ ብላም በላች።