የአርብ ገበያው በሬና የመኪናዬ ኢንሹራንስ

ከመካነ ኢየሱስ ከተማ የወጣሁት ጎህ ሳይቀድ፣ በደብረ ታቦር አውቶቡስ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ስነዳ የኖርሁ ሰው ያን ቀን ተሳፋሪ ሆኜ ከኋላ ወንበር ተቀመጥሁ። እናቴ የቋጠረችልኝን በሶ ጉልበቴ ላይ ይዣለሁ፤ እግሬ ግን በየጠመዝማዛው ፍሬን ይረግጥ ነበር።

የእስቴ ሰዎች ታውቁኛላችሁ። ለማታውቁኝ፣ እዚያው ወረዳ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ የአምቡላንስ ሾፌር ነበርሁ። ከስማዳ ወላድ አምጥቻለሁ፤ እስከ ታች ጋይንትም ተልኬአለሁ። የወጣሁት ጠግቤ አይደለም። ነገር ሲከፋ አንዱ ታጣቂ ቁስለኛ ጫን ይለኛል፣ ሌላው ለምን ጫንህ ይለኛል፤ ሁለቱም ቤቴን ያውቁታል። ስለዚህ ቁልፉን ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ለጋሽ ታምሩ አስረክቤ ሄድሁ። የበረሃውንና የባሕሩን ነገር አልጽፈውም፤ ያለፈበት ያውቀዋል፣ ላላለፈበት ባይነገር ይሻላል።

አሁን ጀርመን ነኝ። ጉና ተራራ ሥር ያደገ ሰው ብርድ አይፈራም እያልሁ ነበር የመጣሁት። የጉና ብርድ እኮ ፀሐይ ስትወጣ ይለቅቃል፤ የዚህ አገር ፀሐይ የምትወጣው ለታይታ ነው። ዳቧቸው ጥቁርና ኮምጣጣ ነው፤ ከገብስ ዳቦ ጋር ላመሳስለው ስንት ጊዜ ሞከርሁ፣ አልሆነም።

ሥራ ያገኘሁት ከከተማ ወጣ ባለ የዕቃ መጋዘን ነው። ፈረቃዬ የሚጀምረው የመጀመሪያው አውቶቡስ ሳይነሣ ስለሆነ በእግሬ እሄድ ነበር። ሁለት ቀን በረዶ ይዞኝ አረፈድሁ። አለቃዬ መኪና ግዛ፣ ሦስተኛ ካረፈድህ አትምጣ አለኝ። ሥራው ከሄደ የመኖሪያ ፈቃዱም ያሰጋል።

የአገር ቤቱ መንጃ ፈቃዴ እዚህ ከስድስት ወር በኋላ አይሠራምና እንደ አዲስ ተማርሁ። አስተማሪዬ ታናሽ ወንድሜ የሚሆን ልጅ ነው፤ መሪ እንዴት እንደሚያዝ አሳየኝ፣ እኔም አየሁ። በክረምት ጭቃ፣ ምጥ የያዛት ሴት ከኋላ እየጮኸች፣ የስማዳን ዳገት የወጣሁ ሰው! ሲጨርስ «ተሰጥኦ አለህ» አለኝ።

መኪናዋን የገዛሁት ዓይናቸው ደክሞ መንዳት ካቆሙ አንዲት ባልቴት ነው። አሮጌ ናት፤ ግን ካምቢዮዋም ፍሪሲዮኗም ደህና ነው። ሊብሬውን ሲሰጡኝ ኮፈኑን በእጃቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት። እኛ አገር ሰው ላሙን ሲሸጥ እንደዚያ ያደርጋል፤ ለትንሽ ጊዜ አገሬ ያለሁ መሰለኝ።

ያለ ኢንሹራንስ ግን ታርጋ አይሰጥም። እነሱ «ፌርዚሸሩንግ» ይሉታል። ቢሮ ሄድሁ፣ አንዲት ወጣት ሠራተኛ ተቀበለችኝ።

«ስንት ዓመት ነድተዋል?»

«አሥራ አንድ። አምቡላንስ ነበር የምነዳው።»

«እዚህ አገር?»

«አይ፣ አገሬ።»

ኮምፒውተሯን ነካክታ «እንግዲያው ዜሮ ነው» አለችኝ።

ለዓመት የጠየቀችኝ ክፍያ መኪናዋን ከገዛሁበት ይበልጣል። ፊቴን አይታ መሰለኝ፣ ያለ አደጋ መንዳትዎን የሚገልጽ ደብዳቤ ከቀድሞ አሠሪዎ ቢያመጡ ምናልባት ይታይልዎታል አለችኝ። ጋሽ ታምሩ ዘንድ ደወልሁ። በሳምንቱ ክብ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ በስልኬ ገባ። ማኅተሙን ሳይ ደስ ብሎኝ፣ ዳር እስከ ዳር ሳላነበው ሕጋዊ አስተርጓሚ ዘንድ ሮጥሁ። ያነበብሁት ከተተረጎመ በኋላ፣ አውቶቡስ ውስጥ ነው። ከግርጌው እንዲህ ይላል፤

«በአሽከርካሪነቱ በሰው ላይ ያደረሰው ጉዳት የለም። በአንድ የገበያ ቀን ወደ አርብ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ የአቶ ደምሌን በሬ ገጭቶ በሬው የሞተ ቢሆንም፣ ጉዳዩ በሽማግሌ በእርቅ አልቋል።»

በሬውን እንዴት እረሳዋለሁ። ምጥ የጠናባት ሴት ጭኜ ስበርር ከገበያተኛው መሐል ዘሎ ገባብኝ። አያ ደምሌ ሽማግሌ ፊት ቆመው፣ «ልጁ ሁለት ነፍስ ይዞ ነበር፤ በሬ ይተካል» አሉ። ካሣ ብለምናቸው አንድ ብር አልተቀበሉኝም። ያን ዓመት በቀራቸው አንድ በሬ ከጎረቤት ጋር ተቀናጅተው ነው ያረሱ።

ሠራተኛዋ ወረቀቱን አንብባ «አንድ አደጋ አለ» አለች። ባለቤቱ ይቅር እንዳሉኝ፣ ካሣም እንዳልወሰዱ በተሰባበረ ጀርመንኛዬ አስረዳኋት።

«ይገባኛል። ግን ይቅርታ የሚሞላበት ቦታ የለም።»

«አሥራ አንዱ ዓመትስ?»

«ከአገር ውጭ የተነዳ አይቆጠርም።»

«በሬውም እኮ ከአገር ውጭ ነው» አልኋት።

ቀና ብላ አየችኝ። በሬው እርስዎ ራስዎ ባመጡት ማስረጃ ላይ የተጻፈ ነው አለችኝ፤ ክፍያውንም ከበፊቱ ከፍ አደረገችው። ፈረቃው አለብኝ፤ ፈረምሁ።

ጋሽ ታምሩ የደወሉልኝ በእረፍት ሰዓት፣ መጋዘኑ ደጃፍ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ ነው። ደብዳቤው ጠቀመህ ወይ አሉኝ።

«ጠቅሞኛል ጋሼ። እግዜር ይስጥልኝ።»

«የበሬውን ነገር ልተወው ብዬ ነበር፤ ኋላ ግን ሐሰት ያለበት ወረቀት አይባረክም ብዬ ጻፍሁት» አሉ፤ ደስታቸው በስልክ ይሰማ ነበር።

አምቡላንሷን ጠየቅሁ። ግቢው ውስጥ ቆማለች፣ ደፍሮ የሚነዳት አልተገኘም አሉኝ። ባለፈው ሳምንት ሰዎች ከስማዳ በኩል አንዲት ወላድ በቃሬዛ ሲሸከሙ ውለው፣ ጤና ጣቢያው የደረሱት አመሻሹ ላይ ነው አሉኝ።

«ተረፈች?» አልኋቸው።

«ልጁ ተርፏል» አሉ።

የመግቢያ ሰዓቴ ደርሷል፤ ግን ስልኩን ቀድሜ መዝጋት አቃተኝ። እሳቸውም አልዘጉም።