ለገና እንመጣለን

ሰሞኑን ሴት ልጄ ጨለለቂ ሰፈር አዲስ ግቢ ገብታ መሬቱን ስታስቆፍር ልጠይቃት ሄድኩ። የተገለበጠው ቀይ አፈር ሽታ፣ የሰርዶ ሥር ሲበጠስ የሚሰማው ድምፅ፣ ዝናብ ካባራ በኋላ የምትወጣው የጥቅምት ፀሐይ... ቆሜ ቀረሁ። ምን ሆንክ አባባ አለችኝ። ምንም አልኳት። ላንተ ግን ልንገርህ፤ እኔም እስከ ዛሬ በቅጡ ያልገባኝ ነገር ነው።

ያኔ ድርቁ ከወሎ አምጥቶን ጥቂት ዓመት ሆኖናል። ወጣት ነበርኩ። ከሰፈራው ወጥቼ ነቀምቴ ገባሁና በከኒሳ ቀሴ የሚባል ሰፈር አንዲት ቁጥቋጦ የዋጣት፣ አጥር የሌላት ግቢ አገኘሁ። ገበያ ላይ ጎመን የምትሸጥ አንዲት ልጅ ነበረች። እስከ መቶ በኦሮምኛ መቁጠር ያስተማረችኝ እሷ ናት። ስሳሳት ጎረቤቶቿን ጠርታ፣ እስቲ አንዴ ድገመው እያለች ታስቅብኝ ነበር። ቁጥርና ሰላምታ ነው፤ ከዚያ የዘለለ ቋንቋ አልነበረኝም። ተዋደድን። ሽማግሌ የምልክበት ዘመድ በከተማው ስለሌለኝ አባቷ ራሳቸው ሊያዩኝ መጡ። ነገሩ እስኪያልቅም እሷ ገበያ መውጣት ቀረባት።

አባትየው የመጡት በጥቅምት ነው። ረጋ ያሉ ሰው፣ አማርኛቸው ስብርብር ያለ። ግቢውን ዞረው አዩ፤ ስለ ልጅቷ ትንፍሽ አላሉም። ሰርዶውን ከነሥሩ ንቀለው አሉኝ። አጥሩን እሰር። አሥራ ሁለት ጉድጓድ ቆፍር፣ እስከ ጉልበትህ ድረስ፤ የላዩን አፈር ለብቻ፣ የታቹን ለብቻ ክምር፤ ጉድጓዱን ፀሐይ ይግባበት። ከዚያ ትከሻዬን ያዝ አደረጉና፣

«ኢልመ ኮ፣ ለገና እንመጣለን። እኔም እሷም። የቡና ችግኝ ይዘን እንመጣለን። ያን ቀን ስለ ሁለታችሁ እንነጋገራለን» አሉኝ።

ኢልመ ኮ ማለት ልጄ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። እንዲህ ብሎ የጠራኝ ሰው ልጁን አይከለክለኝም አልኩ። ገናን መምረጣቸውም ደስ አለኝ። እነሱ ጴንጤ፣ እኔ ኦርቶዶክስ፤ ሁለታችንም የምናከብረው በዓል ነውና አስበውበት ነው አልኩ።

ሥራው ላይ ወደቅሁ። ሰርዶ መቼም ጉድ ነው፤ እዚህ ስትነቅለው እዚያ ይወጣል። ጣቴ እስኪላጥ ሥሩን ተከተልኩት። ከብት ካላቸው ሰዎች ፍግ ለምኜ አመጣሁ። መዳፌ ቆስሎ የመቆፈሪያው እጀታ ላይ ይጣበቅ ነበር።

ገና ደረሰ። ሜዳው ቢጫ፣ አፈሩ ድንጋይ ሆኗል። በዚህ ሐሩር ቡና ይተከላል ወይ ብዬ አልጠየቅሁም፤ እኛ ሰፈር ወሎ፣ ቡና ከሱቅ ነበር የሚመጣው። በጄሪካን ውኃ ቀድቼ ጉድጓዶቹን አጠጣሁ። ሣር ጎዘጎዝኩ፣ በር ላይ ቆምኩ። ረፋዱ ሲያልፍ ግራ ገባኝና ዳቦ የምትሸጠውን ጎረቤቴን፣ ዛሬ ገና ነው አይደል አልኳት።

«ነው እንጂ። ምነው፣ ከጠዋቱ ጀመርከው እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ማንም አልመጣም። በማግስቱም፣ በሠልስቱም አልመጡም። ሄጄ እንዳልጠይቅ ሰፋሪነቴ ትዝ አለኝ። ናቁኝ አልኩ። ግን ደግሞ ኢልመ ኮ ያለ ሰው እንዴት ይንቃል? ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩና በሩን በሰንሰለት ቆልፌ፣ ለማንም ሳልናገር ዲጋ የምትባል ከተማ ወረድኩ። እዚያ ጆንያ ተሸካሚ ሆንኩ።

የተመለስኩት ከዓመት በላይ ቆይቼ ነው። በሩን ስከፍት አሥራ ሁለቱም ጉድጓድ ላይ ቡና ቆሟል፤ ጉልበቴን ያለፈ፣ ቅጠሉ የሚያብለጨልጭ። የሰው ግቢ የገባሁ መስሎኝ ወጥቼ አጥሩን አየሁ። አጥሩ የራሴ ነው።

ዳቦ ሻጯ ነገረችኝ። በሰኔ ዝናብ አንድ ሽማግሌ ከልጃቸው ጋር መጥተው ነበር፤ ለገና እንመጣለን ብለነው የት ሄደ እያሉ ጠየቁኝ አለች። ለገና ማን መጣ ብዬ ጮህኩባት። ጣቷን እያጠፈች ወቅቶቹን ቆጠረችልኝ፤

«ብራ፣ ቦና፣ አርፋሳ፣ ገና። ገና እኮ በኦሮምኛ ክረምት ነው።»

አሁን ሳስበው ምን እንደተሰማኝ አላውቅም። እግሬ ብቻ ወደ ቤታቸው ወሰደኝ። ልጅቷ ከዚያ ክረምት በኋላ በጥር ተድራለች። አባትየው ነገሩን ስነግራቸው መጀመሪያ ሳቁ፤ ኋላ ሳቁ መሀል ላይ ተቋረጠባቸው። ያን ቀን በሩ ተቆልፎ ስናገኘው፣ ውኃ ሊቀዳ ሄዶ ነው ብላ እስከ ማታ ዝናብ ላይ ቆማ ጠበቀችህ አሉኝ። ችግኙን እንመልሰው ሲሏት መንገድ ላይ ይሞታል ብላ፣ በአጥሩ ሾልካ ገብታ በእጇ ተከለችው።

«እኛ የናቅኸን መስሎን ነው» አሉ።

«እኔም እኮ» ልላቸው አፌን ከፈትኩ፤ በየትኛው ቋንቋ እንደምለው ጠፋኝ። እስከ መንገዱ ሸኙኝ። ስንለያይ መሬት መሬት እያዩ፣

«ጉድጓዶቹ ጥሩ ነበሩ» አሉኝ። «ጥልቅ ነበሩ። እሷም እንዲህ ብላለች።»