የጃንሆይ ዘመን ዋጋ

በ1987 ዓ.ም. ክረምት ወልድያ መናኸሪያ አጠገብ በሚገኝ የመኪና ወንበር ስፌት ቤት ሥራ ጀመርሁ። የአራት ወር ልጄን አዝዬ ነበር። ባለቤቱ ጋሽ ንጉሤ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና «እቤታችሁ ወንድ የለም?» አሉ።

«ነበረ፤ ሞተ» አልሁ።

ሌላ አልጠየቁም። የጭነት መኪና ወንበር ፊቴ ጥለው «ፍቺው» አሉኝ።

ቀኑን ሙሉ ስፈታ ዋልሁ። የበሰበሰ ክር፣ አቧራ፣ የዛገ ሞላ። በቤቱ ማዕረግ አለ፤ መጀመሪያ ፈቺ፣ ቀጥሎ ቆራጭ፣ ከዚያ ሰፊ፣ በመጨረሻ ገጣሚ። ገጣሚ የተሰፋውን ልብስ ስፖንጁና ሞላው ላይ ወጥሮ የሚያስረው ነው። ገጣሚ የሆንሁት ልጄ ትምህርት ቤት ስትገባ ነው። ጋሽ ንጉሤ ሲያርፉ ልጆቻቸው ቤቱንም ማሽኑንም ለእኔ አከራዩኝ። እግዚአብሔር ይስጣቸው። በዚህ መርፌ ልጄን ለወግ ለማዕረግ አብቅቻለሁ።

ያችን ልጅ የወለድሁት በአያ ይማም መኪና ሄጄ ነው። አያ ይማም የመርሳ ሰው ናቸው። በደርግ ጊዜ አሮጌ 404 ፔጆ ገዝተው ከመርሳ ወልድያ ሰው ይጭኑ ነበር። ምጥ የያዛትን ሴት አያስከፍሉም። ሲሪንቃ ስንደርስ ሕመሙ ጠናብኝ። ወደ ኋላ ዞረው «አይዞሽ ልጄ፣ ደርሰናል» አሉኝ። አልደረስንም ነበር። ሆስፒታሉ በር ላይ አውርደውኝ ሒሳብ ሳይጠይቁ ሄዱ። በኋላ የዚያችን መኪና ወንበር ሦስት ጊዜ ሰፍቻለሁ። አንድም ጊዜ በነፃ እንድሠራላቸው አልፈቀዱም።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሌላ ዓይነት ደንበኛ መጣብኝ። የድሮ መኪና ወዳጅ ነኝ ይላል። ስልኩ ላይ የድሮ ጋዜጣ ማስታወቂያ አለው። መነጽር ያደረገች ሴት መኪና ተደግፋ ትስቃለች፤ ከሥሯ ዋጋ ተጽፏል።

«እዪ እስኪ ማዘር፣ አዲስ መኪና በስምንት ሺህ ብር! አይ ያ ዘመን!»

ወደ መርፌዬ እመለሳለሁ። ግን ያናድደኛል። ያ ማስታወቂያ በታተመበት በጃንሆይ ዘመን ወሎ ክፉ ቀን ላይ ነበር። እናቴ ከሀብሩ ቆላ ተነሥታ ወልድያ የደረሰችው በእግሯ ነው፤ ሁለት ልጆቿን መንገድ ላይ ቀብራ። መኪና አልፏታል። ስምንት ሺህ ብር ርካሽ የነበረው ለማን ነው? ያን ማስታወቂያ እያየ የሚናፍቅ ሰው ምን እንደሚናፍቅ ቢያውቅ ጥሩ ነበር።

አምና በጥቅምት ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ከአዲስ አበባ መጣ። ስሙ ብሩክ ነው። አያ ይማምን ከነመኪናቸው ይዞ ደጄ ላይ ቆመ። መኪናዋን አያ ይማም በጦርነቱ ጊዜ ጭድ ከምረውባት ነው ያተረፏት። አሁን ዓይናቸው ደክሟል፤ መንዳት ትተዋል። ለብሩክ ሸጠዋት ለልጃቸው ለሰዓዳ ባጃጅ ሊገዙላት ፈልገዋል። ሰዓዳ የሰው ባጃጅ ነው የምትነዳው። ስትለፋ ውላ አብዛኛውን ለባለቤቱ ታስረክባለች። ያን ቀንም በባጃጁ ተከትላቸው መጣች።

ብሩክ መኪና ያውቃል፤ አልዋሽም። የበሩን እጀታ እንደ ሕፃን እጅ ነው የሚይዘው። ማስታወቂያውን አትሞ በላስቲክ አስለብጦታል።

«ወንበሯን ልክ እንደዚህ እንድትሰፊልኝ ነው። ስፌቱ በየሦስት ጣት፣ ቀለሙ ቡኒ። ከፊት እስከ ኋላ።»

የዓመቱ ትልቁ ሥራ ነበር። ፈጣሪዬን አመሰገንሁ።

የፊቱን ወንበር ፈትቼ ወደ ውስጥ አስገባሁና መለካት ጀመርሁ። ብሩክ ተከትሎኝ ገባ፤ ስልኩ ጮኸ። አያ ይማምና ሰዓዳ ደጅ ናቸው።

«አዎ፣ ፋዘሩ ሊስማማ ነው» አለ በስልኩ። «በጣም የዋህ ሰውዬ ነው። ወንበሯ ይሰፋ እንጂ ከስድስት መቶ ሺህ በታች አልለቃትም። ለሰርግ የሚፈልጓት ሞልተዋል።»

እኔ እዚያው ተንበርክኬ ሜትር ይዣለሁ። እንደ ሰው አልቆጠረኝም።

ወጥቶ ማስታወቂያውን ለአያ ይማም ሰጣቸው፤ እኔም ተከትዬው ወጣሁ።

«እዩት ፋዘር። አዲሷ በጊዜው ስምንት ሺህ ነበረች። እርስዎ ደግሞ አሮጌ ነው የገዙት። እኔ የአዲሷን አሥር እጥፍ፣ ሰማንያ ሺህ እሰጥዎታለሁ። ከዚህ በላይ ምን ይሁን?»

አያ ይማም ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። «አሥር እጥፍ ይበዛል ልጄ። አላህ ይጠይቀኛል» አሉ። የምራቸውን ነው። ታሪፍ ጨምረው የማያውቁ ሰው ናቸው።

«አባዬ፣ ይኼ እኮ ለባጃጅ ሩቡም አይሆንም» አለች ሰዓዳ።

«ዝም በይ! ስግብግብ አትሁኚ።»

በእኛ አገር ነገር በዱዓ ይዘጋል። ሽማግሌ እጁን ይዘረጋል፤ የተቀመጠው ሁሉ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ አሚን ይላል። አሚን ከተባለ ወዲያ ዋጋ አይነሣም። አያ ይማም እጃቸውን ዘረጉ። ሰዓዳ አንገቷን ደፍታ ዘረጋች። ብሩክም ፈጥኖ ዘረጋ።

ለአያ ይማም ዱዓ ሁልጊዜ አሚን እላለሁ። ልጄ ስትመረቅም መርቀውልኛል። ዱዓ የያዘ ሽማግሌ ማቋረጥ ነውር መሆኑን አውቃለሁ።

«እኔ አሚን አልልም» አልሁ።

አያ ይማም እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። «ምነው ልጄ? በዱዓ ላይ?»

«በስድስት መቶ ሺህ ሊሸጣት ነው አያ ይማም። አሁን በስልክ ሲናገር በጆሮዬ ሰማሁት። እርስዎን የጃንሆይን ዘመን ዋጋ ያሳይዎታል፤ እሱ የሚሸጠው በዛሬ ነው።»

«ማዘር፣ ስልኬን ታዳምጫለሽ?» አለ ብሩክ።

«ቤቴ ውስጥ ቆመህ ነው የጮህኸው።»

«እሺ፣ ንግድ ነው! ቀለም አለ፣ ሞተር አለ፣ ያንቺም የእጅ ዋጋ አለ። የምትበይውን እንጀራ ነው የምትረግጪው።»

«እንጀራዬን የሚሰጠኝ አምላኬ ነው። አንተ ወንበር ነው ያመጣህልኝ።»

ሜትሬን ጠቅልዬ ኪሴ ከተትሁ።

አያ ይማም እጃቸውን አጥፈው ወረቀቱን እንደገና አዩት። ከዚያ ለብሩክ ዘረጉለት።

«ይህቺ ወረቀቱ ላይ ያለች ሴትዮ ደኅና ዋጋ ታውቃለች መሰለኝ። ሂድና በእሷ ዘመን ዋጋ ባጃጅ ግዛልኝ። መኪናዋን በነፃ ትወስዳለህ።»

ሰዓዳ በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች። ብሩክ መቶ ሺህ አለ፣ መቶ ሃምሳ ሺህ አለ። አያ ይማም «ባጃጁን ይዘህ ና» አሉት። ብሩክ ወረቀቱን ተቀብሎ መናኸሪያው ወዳለበት ሄደ። ሥራውም አብሮት ሄደ።

የፈታሁትን ወንበር መልሼ ገጠምሁ። አያ ይማም አጠገቤ ቆመው ነበር።

«አላህ ይስጥሽ። ዱዓ ግን አይቋረጥም» አሉኝ። «ሌላ ጊዜ እጄን ሳልዘረጋ ተናገሪ።»

«እሺ አያ ይማም።»

ያን ቀን እስክዘጋ ድረስ ንዴቱ አልለቀቀኝም። የተናደድሁት መኪናዋን በርካሽ ሊገዛ ስለፈለገ ብቻ አይደለም፤ ነጋዴ ሁሉ ርካሽ ይፈልጋል። የአያ ይማምን ፈሪሃ አምላክ መደራደሪያ ስላደረገው ነው።

በማግስቱ ኪዳን አድርሼ በቀጥታ ወደ ስፌት ቤቴ መጣሁ። መኪናዋ እዚያው አድራለች። ሰዓዳ አባቷን ይዛ ደረሰች። መኪናዋን አጠብናት፤ ሰዓዳ በስልኳ ፎቶ አነሣቻት። ሴት አላስደገፍናትም። እኔ የምለውን ሰዓዳ ጻፈች፦

«404 ፔጆ። ከመርሳ ወልድያ ሰው ስትጭን የኖረች። ሞተሯ ይነሣል። አንድ የፊት መብራቷ አይሠራም። የኋላ ወንበሯ መሐሉ ላይ ተጥፏል።»

«ዋጋውስ?» አለች።

አያ ይማም ወደ ሰዓዳ ዞሩ። «አዲስ ባጃጅ ዛሬ ስንት ነው?»

ነገረቻቸው።

«እሱን ጻፊ። አንድ ብር አትጨምሪ።»

ለሙያው ልጆች የምለው ይህ ነው፤ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ዋጋውን ዛሬ ሊገዛ በፈለገው ነገር ይለካ፣ ዕቃውን በገዛበት ዘመን አይለካ።

ማስታወቂያው በሰዓዳ ስልክ ሲወጣ አየሁ። ከዚያ ማሽኔን ዘይት ቀብቼ ተራ ይጠብቅ የነበረ የሚኒባስ ወንበር መፍታት ጀመርሁ።